መዝገቡ ከተዘጋ በኋላ የተወለደ

ማክሰኞ ጠዋት ሽማግሌውን ላነሳቸው ኦክላንድ ቤታቸው ደጃፍ ስደርስ ግራ ጆሯቸውን በፎጣ ይዘው ቆመው አገኘኋቸው። ፎጣው ነጭ ነበር፤ ግማሹ ቀልቷል። ከኋላቸው በሩ ክፍት ነው። ልጃቸው ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ የቀኝ እጁን ጣቶች ይዘረጋል፣ መልሶ ያጥፋል። ሰው ከመታ በኋላ እንዲህ ያደርጋል። የማውቀው ስላየሁት ብቻ አይደለም፤ እኔም አድርጌዋለሁ።

«ወደቅኩ» አሉኝ ሳልጠይቃቸው።

«ጆሮ ለብቻው አይወድቅም፣ ጋሼ።»

ሳቁ። ሲስቁ ደሙ እንደገና መጣና በአንገታቸው ወርዶ ኮሌታቸው ውስጥ ገባ። ደግፌ ቫኑ ላይ አወጣኋቸው፣ ቀበቶ አሰርኩላቸው፣ ከዚያ ዞር ብዬ ልጁን አየሁት። እሱም አየኝ። አንድ ቃል ቢናገር ኖሮ ከሁለታችን አንዳችን በዚያው ቀን ሆስፒታል ይገባ ነበር።

ኢኮኖሚው የወደቀበት ሰሞን ነው። ከሚስቴና ከልጄ ጋር ሄይዋርድ እየኖርኩ ሕመምተኞችንና አረጋውያንን በቫን የማመላለስ ሥራ እሠራ ነበር። ሽማግሌውን በሳምንት ሦስት ቀን ለዳያሊሲስ እወስዳቸዋለሁ፤ ኩላሊታቸው ስለማይሠራ ደማቸውን ማሽን ነው የሚያጥበው። ለዚህ ተብሎ የግራ ክንዳቸው የደም ሥር በኦፕሬሽን ወፍሯል፤ ገመድ አክሎ ከቆዳቸው በታች ይርገበገባል። ለአዲስ ሾፌር በመጀመሪያ የሚነገረው ይህ ነው፤ ሰውን በዚያ ክንድ አትደግፍ፣ አትያዝ፣ በተለይ መርፌው ገና እንደወጣ። እኔ ራሴ ለአዲስ ገቢዎች ይህን የማስረዳ ሰው ነበርኩ።

«ጋሼ» የምላቸው ትርጉሙን ነግሬያቸው ስለወደዱት ነው። ከአላስካ ናቸው፤ ባሕሩ ጠረፍ ላይ ካለች ትንሽ መንደር። በወጣትነታቸው መንግሥት የአገሬውን ተወላጆች «ከተማ ግቡ፣ ሙያ ልመዱ» እያለ ሲያጓጉዝ ኦክላንድ አምጥቶ ጣላቸው። ብየዳ ተማሩ። አላሜዳ ያለው የባሕር ኃይል ግቢ እስኪዘጋ ድረስ ብረት ሲበይዱ ኖሩ። ኦርቶዶክስ ናቸው፤ ከድልድዩ ላይ ባሕሩ በታየ ቁጥር ያማትባሉ። እኔ የወሎ እስላም ነኝ፤ ከሚያማትብ ጎረቤት ጋር ነው ያደግኩት፤ ከእሳቸው ጋር ስሆን እንግዳነት አይሰማኝም ነበር።

በዚያ ማክሰኞ መንገድ ላይ፣ ፎጣውን ጆሯቸው ላይ እንደያዙ፣ ነገሩን ከሥሩ አስረዱኝ።

«እኛ አገር ነዳጅ ተገኘ» አሉ። «ቧንቧ ሊዘረጉ ፈለጉ፤ መሬቱ ደግሞ የእኛ ነው፤ ፍርድ ቤት ከስሰን ነበር። በነዳጁ ምክንያት ቸኮሉና ሕግ አወጡ። ከአገራችን ጥቂቱን መለሱልን፤ ለሌላው ካሳ ነው ብለው ዘጉት። የተመለሰውንም ለእኛ አልሰጡንም፤ በየመንደሩ ኩባንያ አቋቁሙ አሉን፣ ለኩባንያው ሰጡት። ሕጉ ሲወጣ በሕይወት የነበረ ተወላጅ ሁሉ ተመዘገበ። ለአንድ ሰው መቶ አክሲዮን። አይሸጥም፤ ለልጅ ይሰጣል ወይ ይወረሳል።»

መንደር ኩባንያ ሲሆን አይቼም ሰምቼም አላውቅም። «እና መሬቱ የእርስዎ ነው?»

«መሬቱ የኩባንያው ነው። ያውም የላይኛው፤ ሣሩና ዛፉ። ከሥሩ ያለው ድንጋይና ነዳጅ የሌላ ትልቅ ኩባንያ ነው።»

«ታዲያ መቃብር ስትቆፍሩ ማንን ነው የምታስፈቅዱት?»

«እናቴን ስንቀብር እኔም አስቤው ነበር» አሉና እንደገና ሳቁ።

ሁለት ልጆች አሏቸው። ሴቷ ሳን ሆዜ ትኖራለች፤ ሕጉ ሲወጣ አራት ዓመቷ ስለነበር መቶ አክሲዮን አላት። መንደሩን ያየችው አንዴ ነው፤ ትንኙን አልወደደችውም። ወንዱ የተወለደው ሕጉ በወጣ በሁለተኛው ወር ነው። መዝገቡ ተዘግቶ ነበርና ስሙ የለበትም። በልጅነቱ በጋ በመጣ ቁጥር አያቱ ዘንድ ይላክ ስለነበር ቋንቋውን ከእህቱ ይልቅ እሱ ይናገራል፤ ዓሣ ማጥመዱን፣ ማድረቁን፣ የወንዙን መታጠፊያ ሁሉ የሚያውቀው እሱ ነው። በስብሰባ ቀን ግን ከበር ይመለሳል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ኩባንያው ባለ አክሲዮኖቹን ጠይቆ ነበር። በኋላ ለተወለዱትም አክሲዮን ይሰጣቸው ወይ? ሽማግሌው «አይሆንም» የሚለው ላይ ምልክት አድርገው ላኩ። ለልጃቸውም አልነገሩት። ልጅየው የዚያን ወረቀት ቅጂ ከመሳቢያ ያገኘው ሰኞ ዕለት ነው። የጆሮው ነገር የመጣው ከዚያ ነው።

«ለምን እንደዚያ አደረጉ?» አልኳቸው። ተናድጄ ነበር፣ ድምፄም ያስታውቃል።

በመስኮቱ ወደ ውጭ እያዩ፣ «ሲከፋፈል ያልቃል» አሉ።

ፍሬን ያዝኩ። ከኋላ ያለው መኪና ጡሩንባውን አምባረቀብኝ። ይህችን አነጋገር ቃል በቃል ከአባቴ አፍ ሰምቻት ነበር፤ አባቴ የሞተባት አነጋገር ናት።

ነገሩ እንዲህ ነው። መንግሥት ተለውጦ መሬት በተሸጋሸገ ጊዜ አጎቴ፣ የአባቴ ታናሽ ወንድም፣ ከተበተነው ጦር ገና አልተመለሰም ነበር። ሲመጣ ሽግሽጉ አልቆ፣ መዝገቡ ተዘግቶ ደረሰ። «ስምህ የለም» አሉት። እዚያው ተወልዶ፣ እዚያው ተገርዞ፣ ስሙ የለም። ከአባቴ ድርሻ ሁለት ጥማድ ለመነ። አባቴ «ሲከፋፈል ያልቃል» አለው። በዚያች ዕለት ተደባደቡ፤ አጎቴ የአባቴን ሁለት ጥርስ አወለቀ፣ እኔ ደግሞ በዱላ የአጎቴን የትከሻ አጥንት ሰበርኩ። ዐሥራ ስምንት ዓመቴ ነው። ዱላው አጥንት ሲያገኝ የሚሰማውን ድምፅ እስከ ዛሬ እወደዋለሁ ብል ሰው ይታዘበኛል፤ ግን ያን ቀን ወድጄው ነበር።

የእናቴ አባት አበጋር ነበሩ። አበጋር በእኛ በወሎ ደም የተቃባን ሰው የሚያስታርቅ፣ ዱአውም እርግማኑም የሚፈራ ሽማግሌ ነው። አያቴ ሁለቱን ወንድማማቾች ዓመት ሙሉ አራርቀው አቆዩና አስታረቁ። አጎቴ ድንጋይ በማጅራቱ ተሸክሞ መጣ፣ በደሉን በሰው ሁሉ ፊት ተናገረ፣ አባቴ ድንጋዩን አንስቶ ወደ ሩቅ ወረወረው። አባቴም አንድ ጥማድ ሊሰጠው ቃል ገባ። ተሳሳሙ፣ ሁላችንም አለቀስን።

የእርሻ ጊዜ ሲደርስ አባቴ መሬቱን በሙሉ ራሱ አረሰው። በርስትና በሚስት ቀልድ የለም። አጎቴ በመጥረቢያ መጣ። አባቴን እርፉን እንደያዘ ማጅራቱ ላይ አንድ ጊዜ፣ ከወደቀ በኋላ ደግሞ ሁለት ጊዜ መታው። በሬዎቹ ምንም እንዳልሆነ ሁሉ እርሻውን ቀጠሉ፤ ትልሙ ጫፍ ድረስ ሄደው ዞሩ። እኔ ዘር ይዤ ከኋላ ነበርኩ። አጎቴ አልሸሸም፤ ዋርካው ሥር ተቀምጦ ጣቶቹን ይዘረጋል፣ ያጥፋል፤ እስኪይዙት ድረስ።

ስለዚህ በዚያ ማክሰኞ ወደ ኋላ መስታወቱ ቀና ስል ያየሁት የአላስካን ሽማግሌ ብቻ አልነበረም።

ለሚስቴ ነገርኳት። ካስትሮ ቫሊ አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው የምትሠራው፤ ነገሩን ከእኔ በላይ ታውቀዋለች።

«ሪፖርት አድርግ» አለችኝ። «ዛሬውኑ። እኛ ጋ ሰው ላይ ብሩዝ፣ ብልዝ አይተን ዝም ካልን ፋየር ነው የምንደረገው። ያንተም ጆብ እንደዚያው ነው።»

«አባትና ልጅን በፖሊስ?»

«ታዲያ በምን?»

«ሽማግሌ ሆኜ አስታርቃቸዋለሁ።»

ሚስቴ እጇን አጣጥባ ጨረሰች፣ አደረቀች፣ ከዚያ አየችኝ። «አያትህ ያስታረቋቸው ወንድማማቾች የት እንዳሉ ረሳኸው?» አለች። ልጃችን ከሶፋው ላይ ሆና በእንግሊዝኛ፣ እማማ ልክ ናት፣ ፖሊስ ነው የሚጠራው አለች። እኔ ግን ሁለቱንም ተቆጥቼ ወጣሁ። የአበጋር የልጅ ልጅ ሆኜ በራሴ ሰው ላይ ስልክ የማነሳ አልመሰለኝም። ያን ጊዜ ሽማግሌውን የራሴ ሰው አድርጌያቸው ነበር።

ለሴቷ ልጃቸው ደወልኩላት። ደስ አላት፤ ለካ የሚጠይቃት ሰው ነበር የቸገራት። ልጅየውን ግን ለማግኘት የሚሠራበት ጎማ ቤት ድረስ ሄድኩ፤ ሄይዋርድ ነው፣ ከቤቴ አይርቅም። ትከሻው ሰፊ ነው፣ ሲናገር ግን ዓይኑን መሬት ላይ ይጥላል። ላናግረው ሄጄ መጀመሪያ ያልኩት፣ «ሁለተኛ አባትህን ብትነካ እጅህን እሰብረዋለሁ» ነው። አስታራቂ አይሉኝም።

«ይቺን መልስልኝና ሂድ» አለኝ። «አንተ አገር አለህ?»

«ነበረኝ።»

«ስምህ አለ መዝገቡ ላይ?»

የጎማ መፍቻውን አስቀመጠና፣ «በበጋ የምተኛው አያቴ ቤት ነበር። ቤቱን የሠራሁት እኔ ነኝ፣ ጣሪያውን። አሁን ኩባንያው ስብሰባ ሲጠራ እህቴ ትጠራለች። እኔ የባለ አክሲዮን ልጅ ነኝ። አባቴ ደግሞ በገዛ እጁ 'አይሆንም' አለኝ» አለ። አጎቴ የተናገረ መሰለኝ፤ አዘንኩለት። መምታቱን ይቅር ያልኩት ያኔ ነው፤ ይቅር የማለቱ ሥልጣን የእኔ እንዳልሆነ አላሰብኩትም።

በሦስተኛው ሳምንት እሑድ ከሰዓት በኋላ ሳን ሆዜ እህትየው ቤት ተሰበሰብን። አያቴ ዓመት የፈጀባቸውን እኔ በሦስት ሳምንት ጨረስኩት። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይላሉ። ከዚህ የባሰው ግን ሌላ ነው። በአያቴ ሥርዓት በደል ያደረሰ ሰው በደሉን በሰው ፊት ሳይናገር እርቅ የለም፤ ሁሉም ነገር የሚጀመረው ከዚያ ነው። ልጅየው «አባቴን መታሁት» ማለት አቃተው። «አባቴን...» ብሎ ጀመረና ተወው። እኔ ደግሞ ራርቼ፣ «ያለፈው አለፈ፣ ስለሚመጣው እንነጋገር» አልኩ። ድንጋይም አላሸከምኩትም። በዚህ አገር ድንጋይ ተሸከም ማለት አፍሬ ነው።

የሚመጣው ነገር ይህ ነበር። ኩባንያው ያንኑ ጥያቄ እንደገና ለድምፅ ሊያቀርበው ነው። ሽማግሌው «እሺ» ሊሉ፣ ልጅየው ደግሞ እጁን ላያነሳ ተስማሙ። እህትየው እንዳስረዳችን ከጠቅላላው አክሲዮን ከግማሽ በላይ «እሺ» ካላለ ነገሩ አይጸድቅም፤ ሳይላክ የቀረ ወረቀት «አይሆንም» እንደማለት ነው የሚቆጠረው። «እንዳትረሳው፣ አባዬ» አለቻቸው። ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። እጄን ዘርግቼ ዱአ አደረግኩ፤ ሽማግሌው አማተቡ። ልጅየው የአባቱን ትከሻ ነካ፣ ወዲያው ደግሞ እጁን ሰበሰበ።

ሁለት ወር ሰላም ሆነ። ባነሳኋቸው ቁጥር ፊታቸውን፣ አንገታቸውን፣ እጃቸውን አያለሁ። ጆሯቸው ድኖ ጠባሳ ብቻ ቀረ። አንዴ ደረታቸው ላይ ቢጫ የሆነ ብልዝ አየሁና ስጠይቃቸው፣ «የድሮ ነው» አሉኝ፤ ማመን ስለፈለግኩ አመንኩ። ለሚስቴም «አየሽ?» እያልኩ እኮራባት ነበር።

ሐሙስ ቀን ነው። ዳያሊሲሳቸውን ጨርሰው፣ ክንዳቸው በባንዴጅ ታስሮ፣ ቫኑ ውስጥ ከጎኔ ተቀምጠዋል። ገና ከክሊኒኩ ግቢ ስንወጣ ከጃኬታቸው ውስጥ ፖስታ አወጡ። ታሽጓል።

«እዚያ ፖስታ ሳጥኑ ጋ አቁምልኝ።»

«የድምፁ ወረቀት ነው?»

«አዎ። ለልጄ እንዳትነግረው።»

አቆምኩ። ሞተሩን አጠፋሁ። ለልጄ እንዳትነግረው። አባቴም በሬዎቹን ጠምዶ ሲወጣ ለማንም አልተናገረም ነበር።

«ምን ላይ ነው ምልክት ያደረጉት?»

«የእኔ ድምፅ ነው።»

«እኔ ፊት ቃል ገብተዋል።»

«ገብቻለሁ። ፖስታውን ክተትልኝ ወይም በሩን ክፈትልኝ፣ ራሴ እከተዋለሁ።»

«ይክፈቱትና ልየው።»

«አንተ ማነህ?» አሉኝ። በቁጣ አይደለም፤ በእውነት የጠየቁ ይመስላሉ። ፖስታውን በግራ እጃቸው ደረታቸው ላይ አጥብቀው ያዙት።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሰው አስገድዶኝ አደረግኩት ብል ደስ ይለኝ ነበር። ማንም አላስገደደኝም። ክንዳቸውን ያዝኩ፤ ግራውን፣ ባንዴጁ ላይ። አጥብቄ ነው የያዝኩት። ጠመዘዝኩት። አውራ ጣቴ ሥር ያ ገመድ የሚያክል ነገር ሲርገበገብ ተሰማኝና እንኳን አለቀቅኩም፤ ፖስታው ከእጃቸው እስኪወጣ ጠመዘዝኩ። በአፌ የምለው በአማርኛ ነበር፣ «እርቅ አፍራሽ» እያልኩ ነበር። ፖስታውን አገኘሁት። ባንዴጁም አብሮ መጣ።

ደሙ እንደ ቧንቧ ነው የፈነዳው። የቫኑን ጣሪያ መታ፣ መስታወቱን መታ፣ ዓይኔ ውስጥ ገባ። በዕድሜዬ ብዙ ሰው ሲመታ፣ ሲወጋ ያየሁ መስሎኝ ነበር፤ እንዲህ ያለ ደም አላየሁም። ሁለቱንም አውራ ጣቶቼን ቀዳዳው ላይ ጫንኩ። ይሾልካል። ጃኬቴን አውልቄ ጫንኩት፣ በጉልበቴ ተደገፍኩበት፣ በአገጬ ስልኩን ይዤ አምቡላንስ ጠራሁ። ሽማግሌው አልጮሁም። ፊታቸው አመድ መሰለ፤ በቀኝ እጃቸው የቫኑን ወለል እየዳበሱ ነበር። የሚፈልጉት ፖስታውን ነው። በደም ርሶ እግሬ ሥር ወድቋል።

«ክተተው» አሉኝ። ከዚያ ራሳቸውን ሳቱ።

ሆስፒታል ሲነቁ ነርሷ ምን እንደሆኑ ጠየቀቻቸው። በሩ ላይ ቆሜ ነበር። እኔን አዩኝ፣ ረዘም ላለ ጊዜ። «ባንዴጁ ተፈታ» አሉ። ነርሷ ግን የክንዳቸውን ጥቁር የጣት ምልክት አየች፣ ከዚያ ልብሳቸውን ገልጣ የደረታቸውን አሮጌ ብልዝ፣ የጆሯቸውን ጠባሳ አየች። ሰው ጠራች። ማን ጋ እንደሚኖሩ ጠየቁ።

ፖሊሶቹ እኔንም ጠየቁኝ። «ድንገት ደማቸው ፈሰሰ፤ እንዴት እንደሆነ አላየሁም» አልኩ። ይህችን ብቻ ነው ያልኩት። ሽማግሌው ልጄ አልነካኝም ቢሉም አልሰሟቸውም፤ አረጋውያን ሁልጊዜ እንደዚያ ይላሉ አሏቸው። ልጅየው ከዚህ በፊትም በድብድብ የታሰረበት መዝገብ ነበረው፤ የክንዳቸውን የጣት ምልክትም ጠዋት ቤት ውስጥ እሱ ያደረሰው መሰላቸው። ከጎማ ቤቱ አውጥተው ወሰዱት። ወራት ታሰረ።

ሚስቴ ስትሰማ፣ «እንኳን ያዙት። ነግሬህ ነበር» አለች። ሆድ ይፍጀው ብዬ ዝም አልኩ። ለራሴ የምለው፣ «ቀድሞ መቷቸው የለ፣ የሚገባውን ነው ያገኘው» ነበር። እስከ ዛሬ ከሠራሁት ሁሉ የሚያሳፍረኝ ክንዳቸውን መያዜ አይደለም። ይህች አሳቤ ናት። ፈሪ ነበርኩ፤ ሥራዬን ፈራሁ፣ የሚስቴን ዓይን ፈራሁ።

ሽማግሌው ከሆስፒታል ሲወጡ ሴት ልጃቸው ሳን ሆዜ ወሰደቻቸው። አላየኋቸውም። ሌላ ሾፌር እንዲመደብ ሳልለምን መንገዱ ራሱ ከእጄ ወጣ፤ በዚህም ደስ አለኝ። ፖስታውን ከቫኑ አንስቼ የራሴ መኪና መሳቢያ ውስጥ አስቀመጥኩት። ደርቆ እንደ ቆዳ ቆርፍዶ ነበር። አልከፈትኩትም። ምን እንዳለበት የማውቀው መስሎኝ ነበርና መክፈት አላስፈለገኝም። የሰው ድምፅ ስለሆነ ደግሞ መጣሉን አልደፈርኩም።

ዝናቡ ሲጀምር እህትየው ደወለችልኝ። ሽማግሌው በእንቅልፋቸው ማረፋቸውን ነገረችኝ፤ አስከሬናቸው ወደ መንደራቸው እንደሚሄድ፣ ወንድሟ ተፈትቶ ወደ ጎማ ቤቱ እንደተመለሰ። «የድምፁስ ነገር?» አልኳት። አልጸደቀም አለችኝ፤ ትንሽ ጎደለ። ስንት እንደጎደለ አልጠየቅኳትም። «አባዬ ግን ልኬያለሁ ይለኝ ነበር» አለች። «ለሾፌሩ ሰጥቼዋለሁ፣ ይከተዋል ይለኝ ነበር።»

ስልኩን ዘግቼ መኪናው ውስጥ ገባሁ። ፖስታውን በቢላ ከፈትኩት። ወረቀቱ ከዳሩ ቡናማ ሆኗል፣ መሐሉ ግን ይነበባል። ምልክቱ «እሺ» ላይ ነው። በበያጅ እጅ፣ ጠንከር ተደርጎ፣ ወረቀቱን እስኪቀድ ድረስ።

ለሚስቴ ሁሉንም ነገርኳት። «ጆብህን ታጣለህ» አለች በመጨረሻ።

«አውቃለሁ።»

«ሄደህ ለልጃቸው ንገረው።»

ቅዳሜ ጠዋት ከጓሯችን አንድ ድንጋይ አነሳሁ፤ በሁለት እጅ የሚያዝ ነው። ጎማ ቤቱ ደጃፍ መኪናዬን አቁሜ ድንጋዩን ማጅራቴ ላይ አስቀመጥኩና አጎንብሼ ገባሁ። ደንበኞች ነበሩ። አንዱ ሳቀ፣ ሌላው ስልኩን አወጣ። ልጅየው የመኪና ሥር ነበር፤ ወጣ። የእኔን ነገር ሲያይ ጠጥቼ የመጣሁ ሳይመስለው አልቀረም።

«በአገሬ በድሎ የመጣ ሰው እንዲህ ነው የሚመጣው» አልኩት። «በደሌን ልናገር። የአባትህን ክንድ የጠመዘዝኩት እኔ ነኝ። ደሙን ያፈሰስኩት እኔ ነኝ። አንተ ስትታሰር ዝም ያልኩት እኔ ነኝ። የአባትህን ድምፅ የነጠቅኩት እኔ ነኝ። 'አይሆንም' ብሎ የላከ መስሎኝ ነው።»

ድንጋዩን ከማጅራቴ አነሳው። በሁለት እጁ ያዘው፤ ይቅር ያለኝ መሰለኝና ቀና አልኩ። ድንጋዩን በግራ ክንዱ ደረቱ ላይ አስደግፎ በቀኙ መታኝ። አፌ ውስጥ ጥርስ ተሰበረ። ወደቅኩ። ከላይ ሆኖ ድንጋዩን ጭንቅላቴ ትይዩ አደረገው፤ ዓይኑን ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኔ ላይ ጥሎታል። እጄን አላነሳሁም። እንዳላነሳ ነበር የመጣሁት። ማንም ሊያስጥለኝ አልመጣም።

በተኛሁበት ፖስታውን ከኪሴ አወጣሁና ዘረጋሁለት።

ድንጋዩን አስቀመጠ። ወረቀቱን አወጣ፣ አነበበ፣ የተደረደሩት ጎማዎች ላይ ተቀመጠ። ዓይኑ ምልክቱ ላይ ብዙ ቆየ።

«ለልጄ እንዳትነግረው ብሎኝ ነበር» አልኩት፤ ደሙን እየዋጥኩ። «ለምን እንደሆነ አላውቅም።»

«እኔ አውቃለሁ» አለ። «በዱላ ያገኘሁት እንዳይመስለኝ ነው።»

ከዚያ ያለቀሰው ልቅሶ የጎልማሳ ልቅሶ አልነበረም፤ ደንበኞቹ ወጡ። ተነስቼ ቆምኩ። ምን እንደምጠብቅ አውቃለሁ፤ በእኛ ሥርዓት ድንጋዩን አንስቶ ወደ ሩቅ ሲወረውረው ነገሩ ያልቃል። አየኝ። ወረቀቱን አጥፎ በደረት ኪሱ ከተተ።

«ድንጋይህን ይዘህ ሂድ» አለኝ።

አነሳሁት። መኪናዬ ውስጥ፣ ከጎኔ ባለው ወንበር ላይ አስቀመጥኩት። ይኸው እስከ ዛሬ ሄይዋርድ ቤቴ ደጃፍ ላይ አለ፤ ሚስቴ አንሳው አትለኝም።